ምላሷን የምታወጣው ብዕር

ባለፈው ቅዳሜ ቀለም ልገዛ ወደ ገበያ ወረድሁ። እዚህ መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ሱቆች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከአንደኛው ገባሁና ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠችውን ልጅ፣ «ሰማያዊ ቀለም ይኖርሻል?» አልኋት።

«የፕሪንተር ነው አባባ?»

«የብዕር ነው።»

«እስክሪብቶ ማለትዎ ነው? በሽ ነው!»

«እስክሪብቶ አላልሁም። በጠርሙስ የሚሸጠውን፣ ብዕር የሚጠጣውን ቀለም።»

ልጅቱ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ዐየችና አቧራ የለበሰች ብልቃጥ አወጣች። «ይኼ የማኅተም ነው። ይጠጣ አይጠጣ ግን እኔ ኀላፊነት አልወስድም» አለችኝ። ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል፤ አልሣቅሁም። እኔ በቀላሉ የምሥቅ ሰው አይደለሁም። አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ጠይቋቸው።

ይህን ጊዜ ከኋላዬ፣ «ጸሐፊ! ያች ብዕር እስከ ዛሬ በሕይወት አለች እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሰይድ ነው። ሰይድ ከከተማው በታች የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ዛሬ ጺሙ ነጥቶ የልጅ ልጁን የትምህርት ማስረጃ ሊያባዛ መጥቷል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አማን ነዎት? ቤቱ አማን ነው? ልጆቹ አማን ናቸው?» እያለ ቆየ። እኔም በተራዬ እሱን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠየቅሁ። ከዚያ ከደረት ኪሴ ብዕሯን አውጥቼ ጭራዋን ጫን አልሁ። ቀጭ ብላ የወርቅ ጫፏ ብቅ አለ።

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሣች። «ውይ! እኔ እኮ እስክሪብቶ መሰለችኝ!»

እኔና ሰይድ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ሣቅን። «ልጄ» አላት ሰይድ፣ «እንዳንቺው የመሰላቸው ሰው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።» ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ስለ ነበር ነገሩን እዚያ ቆመን ልንነግራት አልቻልንም። ለሷም ለመሰሎቿም እዚህ ልጽፈው ነው።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም እንዲህ ፎቅ የምትቆጥር ከተማ አልነበረችም። አንድ ዋና መንገድ፣ በመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ኋላ ባሕር ዛፍ፤ በቃ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ከእግር ላይ እየነጠቀ ያስቀራል። የደሴው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ መንገዱ ከፈቀደ ማታ ይገባል፣ ካልፈቀደም የትም ያድራል፤ ተሳፋሪው ስንቁን አውጥቶ ይቋደሳል እንጂ እንደ ዛሬው በየደቂቃው ስልክ አይደውልም። እህል በረንዳው ማዕዘን ላይ የነበረው ሻይ ቤት ቴፑን በሩ ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ አምባሰል ያንቆረቁራል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ስሙኒ ያለው ሰው ቦምቦሊኖ ጨምሮበት ቁጭ ይላል። የኮንጎ ጫማ የገዛ ሰው በዓልን ጠብቆ ነው የሚጫማው። ቴትሮን ሸሚዝ፣ በተለይ ሁለት የደረት ኪስ ያለው፣ የትልቅ ሰው ምልክት ነበር። ኪሱ ላይ አንድ እስክሪብቶ የሰካ ተማሪ ነው፤ ሁለት የሰካ መምህር ነው፤ ሦስት የሰካ እንደሆነ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነውና ከመንገዱ ገለል ማለት ነው። ከሦስቱ የሁለቱ ቀለም አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቅበታል?

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በዚያው እህል በረንዳ ነው። ወዛደር ነበርሁ፤ ጆንያ እሸከማለሁ። ጆንያው ላይ የነጋዴውና የአገሩ ስም በጥቁር ቀለም ይጻፋል። መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል «አጅባር» ነው፤ ሁለተኛው «ወረኢሉ»። ፊደሉን በጀርባዬ ተሸክሜ አራግፈውና ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ «ይኼ ማነው?» እላለሁ። ከዚያ የሳሙና ልባስ፣ የክብሪት ቀፎ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ጋዜጣ። ሥራ ሳይኖር በከሰል በግድግዳ ላይ እየጻፍሁ ጌታዬን አስቆጥቻለሁ። መምህር አልነበረኝም፤ ወንበር አልነበረኝም። ስለዚህ ልጆቼ በኋላ ክፍሉ ጠበበን፣ መጽሐፉ አልደረሰንም እያሉ ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም። ምናልባት በዛብኝ። ግን አምስቱም ተምረዋል፤ እጅ ጽሑፋቸውም ይነበባል። የዛሬ ልጆች ጣታቸውን መስታወት ላይ ሲያንሸራትቱ ይውሉና ስማቸውን ጻፉ ሲባሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ይህን ስል ልጄ፣ «አባዬ፣ ዓለም ተለውጧል» ትለኛለች። ይለወጥ። የሚነበብ ጽሑፍ ግን ለሚያነበው ሰው ያለን አክብሮት ነው፤ እሱ አልተለወጠም።

መጻፍ እንደ ለመድሁ ሐጅ አደም ጠሩኝ። ሐጅ አደም የታወቁ አበጋር ነበሩ። በኛ በወሎ አበጋር ማለት የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ደም ሊያፋስስ የደረሰን ነገር በምክርና በዱዓ የሚያበርድ ሽማግሌ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሉን ያከብራል። ድሮ እርቅ በቃል ያልቅ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤቱ ክስ ለመዝጋት ወረቀት አምጡ ማለት ሲጀምር ሐጅ፣ የሚያምር ጽሑፍና የሚዘጋ አፍ ያለው ሰው ፈለጉ። ጽሑፌ ያምር ነበር፤ አፌንም እዘጋለሁ። እንዲህ እያልን ስንት ሰው አስታረቅን። ሐሙስ ማታ ማታ ከቤታቸው የሚወጣው መንዙማ እስከ እኛ ሰፈር ይሰማ ነበር፤ ባለቤቴ ትሁን ቃሉን ሳታውቀው ዜማውን እያንጎራጎረች ስንዴ ትለቅማለች።

ሐጅ አደም መካ ደርሰው ሲመለሱ አገሩ ሁሉ ሊቀበላቸው ወጣ። ለአንዱ ተምር፣ ለአንዱ መስገጃ፣ ለሌላው ሽቶ አደሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ደርሰው መመለሳቸው በቂዬ ነው ብዬ ከዳር ቆምሁ። ጠርተው አንዲት ጥቁር ሣጥን በእጄ አኖሩ። «የጅዳው ባለሱቅ፣ ይህችን የሚገዛ ወይ ሚኒስትር ነው ወይ ሐኪም ነው አለኝ» አሉ። «እኔ ለጆንያ ተሸካሚ ነው የምገዛት አልኩት። አብደዋል ብሎኛል።»

«ዋጋዋ ስንት ነው ሐጅ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። ካወቅክ አትጽፍባትም።»

እውነታቸውን ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ልጄ በስልኳ ፈልጋ ያገኘችው ዋጋ የአንድ ጥማድ በሬ ነበር። ደንግጬ ብዕሯን አስቀመጥኋት፤ ለጥቂት ቀንም በእስክሪብቶ ጻፍሁ። ከዚያ በራሴ አፈርሁ። የተሰጠህን ነገር ከዋጋው ፈርተህ መቆለፍ ለሰጪው ምስጋና አይደለም።

ላላያችኋት ልንገራችሁ። ጥቁር ናት፤ ወፈር፣ ከበድ ያለች። ክዳን የላትም። ጭራዋን ስትጫናት በአፏ ላይ ያለች ቅንጣት መዝጊያ ትከፈትና የወርቁ ጫፍ ይወጣል፤ ደግመህ ስትጫናት ይገባና መዝጊያዋ ይዘጋል፤ ቀለሙ አይደርቅም። ልጆቼ «ምላሷን የምታወጣው» ብለው ስም አወጡላት። የኪስ መሰኪያዋ እንደ ሌላው ብዕር በጭራዋ በኩል አይደለም፤ በአፏ በኩል ነው። ስለዚህ ኪስ ውስጥ አፏን ወደ ሰማይ አድርጋ ትቆማለች። ሰው ሁሉ «ጸሐፊ፣ ገልብጠህ ሰክተሃታል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ቀለሙ ወደ ታች እንዲመለስ ነው ብዬ ማስረዳት አይታክተኝም። ስትጽፍ ደግሞ ያ መሰኪያ በሁለት ጣቶችህ መካከል ይገባል፤ ጣትህን በቦታው ካላስቀመጥህ አትታዘዝም። እንደኔ ያለች ናት። መጫን አትወድም፤ በእስክሪብቶ የለመደ እጅ ይጫናል፤ እሷ ግን የራሷ ክብደት ይበቃታል። በዕድሜዬ ቀስ ማለትን ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አልዋሸሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ እያስጠጣሁ አጥባታለሁ፤ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። ትሁን፣ «እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ አታውቅም» ትለኝ ነበር፤ አሁንም ትላለች።

የሰይድና የአያ ይማም ነገር የመጣው ብዕሯን በያዝሁ በዓመቱ ነው። አያ ይማም የከበሩ፣ ግትር፣ ንግግራቸው እንደ መጥረቢያ የሆነ ገበሬ ነበሩ፤ አያ የምንላቸው በዕድሜያቸው አክብረን ነው። ሰይድ ያኔ ገና ሚስት አግብቶ የወለደ ጎረምሳ፣ የእርሻ ጎረቤታቸው ነው። በመሬታቸው ወሰን ቀድሞም ይነታረኩ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ የሰይድ ገብስ ውስጥ ይገባል። ሰይድ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል። ድንጋዩ ዝንጀሮውን ስቶ፣ ከእርሻው ማዶ ከብታቸውን እየነዱ የሚመጡትን አያ ይማምን ግራ ዓይናቸውን መታ። ዓይኑ ጠፋ።

ሰይድ፣ «ሆን ብዬ አይደለም» አለ። በቁርኣን ማለ። ለሽማግሌ፣ ለፖሊስ፣ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ ይህንኑ ተናገረ። አያ ይማም ግን፣ «ያን ያህል ዝንጀሮ ትቶ እኔን የመረጠ ድንጋይ ዓይን አለው ማለት ነው፤ የኔን ወስዶ» ይሉ ነበር። ወንድሞቻቸው ጠመንጃቸውን ወልውለው የሰይድ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሰይድ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ማሻ ወደሚባለው የአማቶቹ አገር ሸሸ። ገብሱ ደርሶ የሚያጭደው ጠፋ፤ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። እርቅ ካልተፈጸመ ሰይድ አንድ ቀን ገብሱን ብሎ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቀንም ይሞታል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደግሞ በሱ እንደማያበቃ እናውቃለን።

ሐጅ አደም አያ ይማም ደጅ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ አልቆጠርሁም። በመጨረሻ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ ምክር የምወድ ሰው ነኝ። «አያ ይማም፣ ሰው ሳያውቅ ላጠፋው ፈጣሪም ይቅር ይላል። እርስዎ ከፈጣሪ ሊበልጡ ነው?» ብዬ ረዥም ስብከት ሰበክሁ። ጨርሼ ዝም ስል በቀረችው ዓይናቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጸሐፊ፣ አንተ ሁለት ዓይን አለህ። የራስህ ነገር የተነካ ዕለት ይኼንኑ ድገምልኝ፤ ያኔ እሰማሃለሁ።»

ሐጅ ፊታቸውን አዙረው ጺማቸውን ዳበሱ። እየሣቁ እንደ ነበር አውቄያለሁ። አያ ይማም ግን ለሐጅ ሲሉ ሊመጡ ተስማሙ።

እርቁ የተደረገው ሐጅ ግቢ አጠገብ፣ ወይራው ሥር ነው። የአያ ይማም ወገን በአንድ በኩል፣ የሰይድ አማቶች በሌላው በኩል ተቀመጡ። ሰይድ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዳይ ይቅር እስኪባል ድንጋዩን አያወርድም፤ የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። አያ ይማም ጀርባቸውን ሰጥተውታል። እኔ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን በዚያች ብዕር ጻፍሁ። ስለ ዓይኑ የተስማሙትን ብቻ ነው የጻፍሁት፤ የወሰኑን ጉዳይ ሐጅ፣ «እሱን ብናነሣ ዛሬም አንታረቅ፤ ተወው» ብለውኛል። ጮክ ብዬ አነበብሁ። ሐጅ፣ «ይማም፣ ምን ትላለህ?» አሉ።

አያ ይማም መሬቱን በዱላቸው ሲጭሩ ቆዩ። የሰይድ ትንፋሽ ይሰማል። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «አምጡ በሉ፣ ልቤ ሳይመለስ።»

አሻራ ማስነሣት የኔ ሥራ ነው። የማኅተሙን ቀለም ከቀበሌ ተውሼ ነበር፤ ክዳኑን ብከፍተው ስፖንጁ እንደ ሸክላ ደርቋል። እንዲህ ሲሆን የምናደርገው ይታወቃል፤ እስክሪብቶ አውራ ጣት ላይ አጥብቀህ ትፈትግና ጣቱን ታሳርፋለህ። ሁልጊዜም ለምስክርነት የምንጠራው የትምህርት ቤት መምህር እስክሪብቶ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ያን ዕለት አልመጣም። እኔ ስፖንጁ ላይ ጥቂት ውኃ ላንጠባጥብ ጎንበስ ስል፣ አያ ይማም ወረቀቱ ላይ ያስቀመጥኋትን ብዕር አዩ። ጭራዋን ስጫን አይተዋል፤ ጭራው የሚጫን ሁሉ እስክሪብቶ ነው። ብድግ አድርገው አውራ ጣታቸው ላይ፣ ድስት እንደሚፍቅ ሰው፣ በጉልበት ፈተጓት።

ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። የወርቁ ጫፍ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አንዱ ወደ ላይ ታጠፈ። ቀለሙ ግልብጥ ብሎ በእጃቸው ላይ ፈሰሰ፣ በክንዳቸው ወረደ፣ ጋቢያቸው ላይ ተንጠባጠበ። ከሰይድ አማቶች አንዱ፣ አፉን መያዝ የማይችል፣ «ኧረ ብዕሯን አረዷት! ቢስሚላህ እንኳ ሳይሉ!» አለ። ሣቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ።

የአያ ይማም ወንድሞች አልሣቁም። አንደኛው ከተቀመጠበት ተነሣ። አያ ይማም ሰማያዊ የሆነ እጃቸውን ዘርግተው ብዕሯን ወደኔ አቀረቡ።

«ጸሐፊ፣ ሰበርኩብህ?»

ብዕሯን ተቀበልኋቸው። አፌ ላይ የነበረው ቃል ለሽማግሌ የሚነገር አልነበረም። ፊቴ ግን ሳይናገርልኝ አልቀረም፤ እሳቸው አይተው ደነገጡ። ያ ኩሩ ሰው ተንተባተቡ።

«ሆን ብዬ እኮ አይደለም! እስክሪብቶ መስሎኝ ነው። ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም!»

ሣቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። አንድም ሰው ሰይድን አላየም፤ ሁሉም ግን ስለሱ ያስብ ነበር። ሐጅ አደም የተስቢሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ አንድ ቃል የጨመረ ሰው ነገሩን ያበላሸው ነበር፤ ሐጅ ይህን ያውቃሉ። አያ ይማም አፋቸውን ከፍተው እንደ ቆሙ ቀሩ፤ የተናገሩትን የሰሙት ከተናገሩ በኋላ ይመስላል። ቀስ ብለው፣ «እንግዲህ ተነካብህ ጸሐፊ» አሉኝ። «ምን ትላለህ?»

እውነቱን እጽፋለሁ፤ የምክር ሰው ነኝ ብዬ ራሴን አላሳምርም። ልቤ ይቅር አላለም ነበር። ያች ብዕር ከወዛደርነት ወጥቼ ሰው መሆኔን የምታስመሰክርልኝ ንብረቴ ናት። ግን ሰይድ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል፤ ማሻ ላይ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ትጠብቃለች። በኛ አገር ይቅር በለኝ የሚል ሰው፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ «አውፍ በለኝ» ነው የሚለው።

«አውፍ ብያለሁ አያ ይማም» አልሁ። ድምፄ ሻካራ ነበር።

«ካሣስ?»

«ካሣ አልፈልግም።»

«ለምን አትፈልግም?»

«ሆን ብለው አላደረጉትማ!» ብዬ ጮህሁ። በቁጣ ነው የጮህሁት፤ ግን እውነት ነው።

አያ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰይድን ፊት ለፊት አዩት፤ ለማየት አንገታቸውን ትንሽ ማዘንበል ነበረባቸው፣ በቀረችው ዓይን። ተራምደው ሄዱና ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥተው መሬት ጣሉት። ያው ቀለም የነካው እጃቸው ሰይድ ትከሻ ላይ ዐረፈ፤ አምስት ጣት ሰማያዊ ሆኖ ነጩ ኩታ ላይ ታተመ። ሰይድ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሐጅ ያኔ ብቻ እጃቸውን ወደ ላይ ከፍተው ዱዓ ጀመሩ፤ «አሚን» ያላለ ሰው አልነበረም። እኔ አማትቤ «አሜን» አልሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ያሳረፉት አሻራ ግን መስመሩ የማይለይ የቀለም ጠብታ ሆኖ ቀረ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የአያ ይማም አውራ ጣት ነው፤ ከተጠራጠርህ ጋቢያቸውን እይ» አልሁት።

ሰይድ በሳምንቱ ገብሱን አጨደ። እኔ ደግሞ ብዕሯን በመሐረብ ጠቅልዬ ደሴ ወረድሁ። አንድ ሰዓት ሠሪ በማጉያው አይቶ፣ «ሰው ነው እንዴ የነከሳት?» አለኝ። በወረንጦና በጥፍሩ መለሳት፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ነው የምትጽፈው፤ ወደ ግራ ስትሄድ ትንሽ ትጭራለች። ተለማምደናል። ልጄ አዲስ ጫፍ ላስልክልህ ብላኛለች፤ ላኪ ብያታለሁ። የተጣመመ ነገር በመጣመሙ ብቻ አይከበርም፤ የሚስተካከል ከሆነ ይስተካከል። ልቤም እንደ ብዕሯ ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። አፌ ቀድሞ ይቅር አለ፣ ልቤ ዘግይቶ ደረሰ። ለልጆቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፤ ልባችሁ እስኪደርስ አፋችሁን አታስጠብቁት።

በገበያ ቀን አያ ይማም ከሩቅ ሲያዩኝ በሰው መካከል፣ «ጸሐፊ! ያች በሽተኛ እንዴት አደረች?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እያገገመች ነው» እላለሁ። ሚስቴን የሚጠይቁ የመሰላቸው ሰዎች ትሁንን ሊጠይቁ ቤት ድረስ መጥተዋል።

በዚያው የአዝመራ ወራት ብዕሯ እንደ ዳነች ላሳያቸው ወደ አውድማቸው ሄድሁ። ገብስ እየተወቃ ነው፤ በሬዎቹን የሚነዳው ሰይድ ነበር፣ ለደቦ መጥቶ። ብዕሯን ሳወጣ አያ ይማም ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«እኔ አልነካትም! ሰይድ! ና እስቲ አንተ ሞክራት። አንተ የምትመታው ከሩቅ ነው፤ ከቅርብ አትጎዳም።»

ሰይድ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ እሳቸው ሲሥቁ አየና ሣቀ። እጁን ከገለባው አራግፎ መጣ። ስድስተኛ ክፍል ደርሷል፤ መጻፍ ያውቃል። አያያዟን አሳየሁት፤ «አትጫናት» አልሁት። ከኪሴ ቁራጭ ወረቀት አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥሁለት።

«ምን ልጻፍ?»

«የኔን ስም» አሉ አያ ይማም።

ጻፈ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ራሳቸውን አዘንብለው አዩት። «ይኼ ነው ይማም?»

«ይኼ ነው አያ።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ሲጠሩኝ የኖሩት በዚች ነው?» ወረቀቱን መለሱለት። «በል ያንተንም ጻፍ፣ እዚሁ።»

ወረቀቱ ትንሽ ነበር። ሰይድ ከዳር አጣቦ፣ ከሳቸው ስም ጋር እያነካካ፣ የራሱን ስም ጻፈ። አያ ይማም እንደገና ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። በደረቀ ጣታቸው በሁለቱ ስሞች መካከል ፈለጉ።

«ወሰኑ የታለ? ከላዬ ላይ ነው እኮ የተቀመጥከው!»

ሰይድ ላብ አሰመጠው። «ቦታ ጠበበኝ አያ» አለ።

አያ ይማም ወረቀቱን አጣጥፈው ጥምጥማቸው ውስጥ ሸጎጡት። ወደ ማሳቸው፣ ሁለቱ እርሻዎች ወደሚገናኙበት ወደ ታች ዐዩ።

«ተወው፣ እንዲሁ ይሁን» አሉት። «በል ንዳ፣ ነፋሱ ሳይተኛብን።»